አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቅሁ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የሥራ ባልደረቦቼ የሸለሙኝ ዕቃ እዚህ ሚኒሶታ፣ አፕል ቫሊ፣ ጋራዤ ውስጥ ብርድ ልብስ ለብሶ ተቀምጧል። ሰዓት ቢሰጡኝ አስሬው እዞር ነበር፤ ጃኬት ቢሰጡኝም እለብሰው ነበር። እነሱ ግን ተጨንቀውና ተጠበው፣ ከአሮጌ ዕቃ ክምር ውስጥ ፈልገው ያወጡትን የጭጋግ ጥሩምባ ቀይ ቀለም ቀብተው፣ በሳንቃ ላይ አስረው ሰጡኝ። ጀልባ ጭጋግ ሲውጣት ወደቡ በየት በኩል እንደሆነ እየጮኸ የሚነግራት ጥሩምባ ነው። ቁመቱ የአምስት ዓመት ልጅ ያህላል። ከሥሩ በናስ ላይ «ለታድ፣ ከምስጋና ጋር» ተብሎ ተቀርጿል። ታድ እኔ ነኝ፤ ታደሰ ማለት ለአሜሪካኖቹ ይረዝምባቸዋል።

ኬክ ተቆረሰ፣ ተጨበጨበ፣ እኔም አለቀስኩ። በደስታ የማለቅስ መስሏቸው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ያለቀስኩት ግን ጥሩምባው ጎን ላይ ያለችውን የመዶሻ ምት አይቼ የየትኛው ወደብ እንደነበር ስላወቅሁ ነው። መዶሻውን ያሳረፍኩበት እኔ ነኝ። ከወደቡ ያስነቀልኩትም እኔው ነኝ። በመነቀሉም ምክንያት አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ሊሞቱ ለትንሽ ነው የተረፉት።

ይህን የምጽፈው ሰው እንዲያዝንልኝ አይደለም። ጡረታ የወጣ ሰው ትዝታውን ሲጽፍ ስለ ሽልማቱ ማውራት ይወዳል፤ እኔም የእኔን ሽልማት ለምን ብርድ ልብስ እንዳለበስኩት ልናገር ነው።

ስኔሊንግ አቨኒው ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንገናኝ ጓደኞች አሉኝ። ታክሲ ነድተው ወይም ሆስፒታል ሠርተው ያረጁ ናቸው። ሥራዬን በነገርኳቸው ቁጥር ይስቁብኝ ነበር። «የባሕር በር የሌለው አገር ልጅ፣ ባሕር የሌለው ስቴት ገብቶ፣ የመርከብ ጥሩምባ ጠጋኝ ሆነ!» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ጭጋግ የማውቀው ክረምት ክረምት እንጦጦን ሲሸፍን ከታች ሆኜ አይቼ ብቻ ነው። ነገር ግን ከእኛ ከተማ ወደ ሰሜን ሦስት ሰዓት ያህል ከተነዳ ማዶው የማይታይ ሐይቅ አለ። ሐይቅ ይባል እንጂ ማዕበሉም፣ ብርዱም፣ ተንኮሉም የባሕር ነው። በዳርቻው ትናንሽ ወደቦች አሉ፤ በየወደቡ መብራት፣ ከመብራቱ ጎን ጥሩምባ ነበረ።

አዲስ አበባ የተማርኩት የኤሌክትሪክ ሙያ ነው፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ሞተር ጠግኛለሁ። ሚኒያፖሊስ ስመጣ መጀመሪያ ፓርኪንግ ራምፕ ውስጥ ትኬት ቆራጭ ሆንኩ። ቀጥሎ ብሩክሊን ፓርክ አንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ካርቶን የሚያመላልሰውን ቀበቶ ሞተር ስጠግን ቆየሁ። ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ስምንት ሠራተኞች ያሉት ትንሽ ድርጅት ነበር፤ የሐይቁን መብራቶችና ጥሩምባዎች በኮንትራት የሚያድስ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ገብቼ ሥራ ጠየቅሁ። አንድ ራሰ በራ ሽማግሌ ምንም ሳይጠይቀኝ የሞተ ሞተር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦልኝ ሳንድዊቹን ሊበላ ወጣ። ሲመለስ ሞተሩ ይዞራል። ስሙ ዌይን ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ቫን ተጓዝን።

ዌይን ዝም ያለ ሰው ነው። ከብሩክሊን ፓርክ ተነስተን ሐይቁ ዳር እስክንደርስ ሁለት ዐረፍተ ነገር ቢናገር ነው፤ አንዱ ስለ አየር ጠባይ ነው። ሥራ ላይ ግን ሕግ ነበረው። የሚጽፈው በእርሳስ ብቻ ነው፤ እስክሪብቶ በብርድ ይደርቃል። ጥሩምባውን ከመንካቱ በፊት ሐይቁ ውስጥ ማዕበል እንዲከላከል በድንጋይ የተሠራውን የወደቡን ክንድ እስከ ጫፉ ይሄድና፣ ፊቱን ወደ ጥሩምባው አዙሮ ዓይኑን ጨፍኖ ሰዓቱን በእጁ ይዞ ይሰማል። ሁለት ሴኮንድ ጩኸት፣ ሃያ ስምንት ሴኮንድ ዝምታ። «ጥሩምባን ከኋላው ሆነህ አትመርምረው» ይለኝ ነበር። «የሚፈልገው ሰው ያለው ከፊቱ ነው።»

ጭጋግ መኖር አለመኖሩን የሚለይ አንድ መሣሪያ አለ። ወደ ውሃው ብርሃን ይልክና ብርሃኑ ተመልሶ ሲመጣበት ጭጋግ ነው ብሎ ጥሩምባውን ያስጮኻል። ችግሩ ሸረሪት ነው። ሸረሪት መስታወቱ ላይ ድሯን ካደራች መሣሪያው ጭጋግ መጣ ብሎ ጠራራ ፀሐይ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲያስጮኸው ይውላል፤ ለዕረፍት የመጡ ሰዎችም ቢሮውን በስልክ ያናውጡታል። ዌይን ለዚህ የሚሆን የሕፃን ፀጉር ብሩሽ ኪሱ ውስጥ ነበረው። ድሩን ይጠርጋል፣ ሸረሪቷን ግን አይገድላትም፤ በእጁ አንስቶ ከድንጋዩ ጀርባ ያስቀምጣታል። በሳምንቱ ትመለሳለች። እሱም በሳምንቱ ይመለሳል።

በመጀመሪያው ዓመቴ መጋቢት ላይ የአንዱ ወደብ ጥሩምባ አፉ በበረዶ ተደፍኖ አገኘነው። ዌይን የጎማ መዶሻ አምጣ አለኝ። ቫን ድረስ መመለሱ ታክቶኝ በያዝኩት የብረት መዶሻ መታሁት። በረዶው ረገፈ፣ የጥሩምባው ጎንም ጎደጎደ። ይቆጣኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ዌይን ግን ጎድጓዳውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና «እንግዲህ ይሄኛው ያንተ ሆነ። የትም ብታየው ታውቀዋለህ» አለኝ። ያን ጊዜ ቀልድ መስሎኝ ስቄያለሁ።

የዚያ ወደብ ዓሣ አጥማጅ አርኔ ይባላሉ። እንግሊዝኛ አንቱታ ባይኖረውም እኔ በልቤ አንቱ ነው የምላቸው፤ ያን ጊዜም ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። አያቶቻቸው ከኖርዌይ የመጡ ናቸው። ከሚስታቸው ከሎይስ ጋር ውሃው አፍ ላይ ባለች ነጭ ቤት ይኖሩ ነበር። ጎህ ሲቀድ ክፍት ጀልባቸውን ይዘው ይወጣሉ፣ መረብ ያነሳሉ፣ ረፋድ ላይ ይመለሳሉ። ዌይን ጥሩምባውን ከጨረሰ በኋላ እዚያ ቤት ሳይገባ አይሄድም። ስልክ አይደውልም፤ «ሰው ወጥ ቤቱ ውስጥ ካልሆነ እውነት አይናገርም» ይላል።

መጀመሪያ የወሰደኝን ቀን አልረሳውም። ሎይስ ቀረፋ ያለው ኬክ አቀረቡ።

«ጥሩምባው እንዴት ነው? ያስቸገረህ ነገር አለ?» አላቸው ዌይን።

«ኧረ ምንም፣ ደህና ነው» አሉ አርኔ።

ዌይን ኬኩን በላ። ስለ ውሃው ቅዝቃዜ ተነጋገሩ። ከዚያ ደገመና «ስለዚህ ጥሩምባው ምንም አላስቸገረም» አለ።

«አይ፣ አታስቡ። አሪፍ ነው።»

ሁለተኛ ቁራሽ በላ። ተነስቶ ኮፍያውን አደረገ። በሩን ይዞ ቆሞ፣ «ግን እርግጠኛ ነህ?» አለ።

አርኔ ጆሯቸውን አከክ አከክ አደረጉ። «እንግዲህ ካነሳኸው አይቀር… ጠዋት ጠዋት ትንሽ ዘግይቶ ነው የሚጀምረው። ጭጋጉ እኔን ከዋጠኝ ከሩብ ሰዓት በኋላ።»

ዌይን ኮፍያውን አውልቆ ተመልሶ ተቀመጠ። ጭጋግ ለዪውን መሣሪያ ለማስተካከል ግማሽ ቀን ፈጀን። በዚያው ቀን አርኔ በጭጋግ ውስጥ እንዴት ቤታቸው እንደሚገቡ አሳዩኝ። «ሞተሩን አጠፋለሁ። ዝም እላለሁ። ሲጮህ የጀልባዋን አፍንጫ አዞራለሁ፤ ድምፁ ለሁለቱም ጆሮዬ እኩል እስኪሆን ድረስ። ከዚያ ትንሽ እነዳለሁ። እንደገና አጠፋለሁ» አሉኝ።

ስንመለስ ዌይን የዓመቱን ረጅም ንግግር አደረገ። «የሚኒሶታ ሰው የመጀመሪያው 'አይ' ሰላምታ ነው። ሁለተኛው ጨዋነት ነው። መልሱ ሦስተኛው ላይ ነው።» እኔ ሳቄ መንገዱን ሙሉ አልቆም አለኝ። እንግዳ ማዕድ ቀርቦለት «ጠግቤአለሁ፣ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ሲል፣ አንጀቱ እየጮኸ እንደሆነ የማያውቅ የእኛ ሰው አለ? «አፈር ስሆን» ተብሎ፣ «በሞቴ» ተብሎ፣ ጉርሻው አፉ ድረስ ሄዶ ነው እኮ የሚበላው። ይህን ለዌይን አስረዳሁት። በትኩረት ሰማኝና «ታዲያ አንተ ለዚህ ሥራ ተፈጥረሃል» አለኝ። ከሰማሁት ምስጋና ሁሉ የኮራሁበት እሱ ነበር። ዛሬ የሚያሳፍረኝም እሱ ነው።

ዘመኑ መጣ። ጀልባው ሁሉ የት እንዳለ ከሰማይ በሳተላይት የሚነግረው መሣሪያ ያዘ። መጀመሪያ ጥሩምባዎቹ በራሳቸው መጮህ አቆሙ፤ የፈለገ ሰው የጀልባውን ሬዲዮ ቁልፍ አምስት ጊዜ ሲጫን ብቻ እንዲጮኹ ተደረጉ። የአርኔ ወደብ ትንሽ ስለሆነ እስከ መጨረሻው እንደ ድሮው ቀረ። በኋላ ግን ሁሉም ይነሳ ተባለ። እውነቱን ለመናገር ትክክል ነው፤ የማይሰማ ጥሩምባ ማደስ ሞኝነት ነው። ብቻ ከመነሳቱ በፊት በየወደቡ የሚጠቀሙትን ሰዎች ጠይቆ ማስፈረም ግዴታ ነበር። አንድ ሰው እንኳ «ያስፈልገኛል» ካለ አዲሱን መሣሪያ እስኪለምድ ወይም ሌላ መላ እስኪገኝ ይቆያል።

ያን ጊዜ ዌይን ወገቡን አሞት ጡረታ ወጥቷል። አዲሱ አለቃ ክሬግ ወጣት ነው፤ ሰው ላይ አይጮኽም፣ ሰው አይበድልም። ዌይን አምስት ቤት ለመጠየቅ ሦስት ቀን ይወስድ እንደነበር ሲሰማ ዓይኑ ፈጠጠ። እኔ ደግሞ ምን ሰይጣን ገባብኝ፣ «እኔ በአንድ ቀን እጨርሰዋለሁ» አልኩ። ማንም አላስገደደኝም። ከዌይን የበለጥኩ ቀልጣፋ መሆኔን ላሳይ ፈለግሁ። ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት ብፈልግም አላገኘሁም።

የመስከረም ዓርብ ነበር። አራቱን ቤቶች እስከ ስምንት ሰዓት ጨረስኩ። አራቱም ቦታቸውን የሚነግር መሣሪያ ያላቸው ናቸው፤ ጥሩምባው መኖሩን የረሱም ነበሩ። አምስተኛው የአርኔ ቤት ነው። ዓርብ ከሰዓት ወደ ከተማ የሚመለሰው መንገድ እንደሚጨናነቅ ስለማውቅ የቫኑን ሞተር እንኳ ያጠፋሁት እያመነታሁ ነው።

ሎይስ ኬክ አቀረቡ። «በልቻለሁ፣ አመሰግናለሁ» አልኩ። ደገሙልኝ። ሦስተኛም አሉኝ። ሦስቱንም እምቢ አልኩ። ይህ በእኛም ደንብ በእነሱም ደንብ ነውር ነው። አርኔ ለራሳቸው ቡና ሲቀዱ ሌባ ጣታቸውን ከስኒው ጠርዝ ወደ ውስጥ አጠፍ አድርገው፣ ትኩሱ ጣታቸውን ሲነካው አቆሙ። አየሁ። መደርደሪያው ላይ ልጃቸው የገዛችላቸው ቦታ የሚነግር መሣሪያ ከነካርቶኑ፣ ፕላስቲኩ ሳይቀደድ ተቀምጧል። እሱንም አየሁ። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ይዤ ጠየቅሁ።

«ጥሩምባው ቢነሳ ችግር ይኖርብዎታል?»

«አይ፣ ለእኔ ብላችሁ አታስቀምጡት» አሉ። «አሁን ሁሉም ሰው መሣሪያ አለው።»

ሎይስ ዕቃ እያጠቡ ነበር። የውሃውን ቧንቧ ዘጉት። ዞር አሉና ፎጣውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ። የቧንቧው ውሃ ሲቆም ቤቱ ውስጥ የሆነው ዝምታ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። የሚጠብቁት እኔን ነበር። ሁለተኛውን እስክጠይቅ።

እኔ «እንግዲያው እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ» አልኩ።

አርኔ እስክሪብቶውን ተቀበሉ። «የት ላይ ነው?» አሉ። መስመሩ ዓይናቸው ፊት ነው፣ ጥቁር ነው፣ ወፍራም ነው። አላዩትም። እኔ ታዲያ ምን አደረግሁ? እጃቸውን ይዤ መስመሩ ላይ አስቀመጥኩላቸው። ይህንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የማያይ ሰው እጅ ይዤ «አያስፈልገኝም» የሚል ወረቀት ላይ አስፈረምኩ፤ ከዚያም መንገዱ ሳይጨናነቅ ቤቴ ገባሁ።

ክሬግ በኢሜይል ለሁሉም ሰው እያሰማ አመሰገነኝ። ጥሩምባውን በጥቅምት እኔው ፈታሁት። አርኔ በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ እጃቸውን አወዛወዙልኝ። እኔም አወዛወዝኩ።

በሚቀጥለው ዓመት ሰኔ መብራቱን ላድስ ስሄድ የጀልባ ነዳጅ የሚሸጠው ሰውዬ ነገረኝ። ከአሥር ቀን በፊት አርኔ መረብ ላይ እንዳሉ ጭጋግ ወርዷል። ሞተራቸውን እያጠፉ ያዳምጣሉ፤ የሚሰማ የለም። ሎይስ መኪናቸውን ወደ ወደቡ ክንድ አስጠግተው የመኪናዋን ክላክስ ይዘው ቁጭ አሉ። ሁለት ሰዓት ያህል አስጮኹ። ከዚያ ባትሪው አለቀ። ጭጋጉ እኩለ ቀን ላይ ሲገለጥ አርኔ ከወደቡ ብዙ ርቀው አለት ላይ ተገኙ። ጀልባዋ ተሰብራለች፣ ዳሌያቸው ተሰብሯል፣ ግማሽ ሰውነታቸው እንደ በረዶ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ነው። ድንጋዩን ያቀፉበት እጃቸው አልላቀቅ ብሎ ሦስት ሰው ነው ያላቀቃቸው አለኝ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አይደለም።

ማንም አልተቆጣኝም። ክሬግ ወረቀቱን አውጥቶ አየና በእውነት አዝኖ፣ «ፈርሟል እኮ። አንተ የሚጠበቅብህን ነው ያደረግኸው» አለኝ። ያ ፊርማ ከመስመሩ ላይ ፍንክች አላለም። ለምን ፍንክች እንዳላለ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

በዚያው ሳምንት ዌይን ደወለ። ወሬው ደርሶታል። ሰላምታ አልሰጠኝም።

«ስንት ጊዜ ጠየቅኸው?» አለኝ።

«ሦስት» አልኩ።

«እንግዲያው ምንም ማድረግ አይቻልም ነበር» አለና ዘጋ። በዚያ ክረምት አረፈ። ቀብሩ ላይ ከኋላ ቆሜ ነበር፤ ሚስቱ ጠርታ ከቤተሰቡ ጋር አስቆመችኝ። ስለ እኔ «ሰው መጠየቅ የሚችል» ይል እንደነበር ነገረችኝ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

የአርኔ ነጭ ቤት ተሸጠ። ልጃቸው ሁለቱንም ወደ ከተማ አምጥታ በርንስቪል አረጋውያን የሚኖሩበት አፓርትመንት አስገባቻቸው። ከእኔ ቤት አሥር ደቂቃ ነው። ይህን ያወቅሁት ወዲያው ነው፤ ነዳጅ ሻጩ ነግሮኛል። አራት ዓመት ሙሉ በዚያ መንገድ አልሄድኩም። ሚስቴ ሰናይት «ለምንድነው ሁልጊዜ በዚህ የምትዞረው?» ስትለኝ፣ «ትራፊክ አለ» እላት ነበር። ትራፊክ! እሷ አረጋውያን የሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም ውስጥ የምትሠራ ሴት ናት፤ ሽማግሌ ሲዋሽ ታውቃለች።

ጥሩምባው በሽልማት መልክ ቤቴ ከገባ በኋላ ግን መደበቅ አልቻልኩም። ጋራዥ ውስጥ ብርድ ልብስ ሳለብሰው ሰናይት መጥታ አገኘችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ልጄ ሜሮንም በሩ ላይ ቆማ ስትሰማ ነበር።

«ጀስት ጎ ሲ ሂም፣ ዳድ» አለች ሜሮን። በቃ ሂድና እየው ማለቷ ነው፤ ለእሷ ነገር ሁሉ ቀላል ነው።

ሰናይት ግን ብርድ ልብሱን ታስተካክልለት ጀመር። «ታዴ፣ አንተ ቤት እንግዳ መጥቶ አንዴ 'በቃኝ' ሲል ትሪውን ታነሳለህ እንዴ?» አለችኝ። «አላነሳም» አልኳት። «የሰውየውን ግን አነሳህበት። ነገ ኦፍ ነህ… ኧረ ከእንግዲህማ ሁልጊዜ ኦፍ ነህ። ሂድና ጠይቀው።»

ሄድኩ። በማግስቱ አይደለም፤ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ሁለት ጊዜ ፓርኪንጉ ድረስ ድራይቭ አድርጌ ተመልሻለሁ።

በሩን የከፈቱት ሎይስ ናቸው። አጥረዋል፣ ቀጥነዋል። ፊቴን ትክ ብለው አዩኝና «አንተ ያ ቸኩሎ የነበረው ሰውዬ ነህ» አሉኝ። በክፉ አይደለም የተናገሩት፤ ሰው በምልክቱ እንደሚታወቅ ነው። አርኔ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ወደ ውጭ ነው፣ የሚያዩት ግን የለም። የሚደገፉበት ዎከር ጉልበታቸው ሥር ቆሟል።

ሳልቀመጥ ተናገርኩ። ስኒው ውስጥ የገባውን ጣታቸውን ማየቴን፣ ካርቶኑን ማየቴን፣ እጃቸውን ይዤ ማስፈረሜን። ለዌይን መዋሸቴንም ጨመርኩ። አርኔ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ።

«ተቀይመውኛል?» አልኩ በመጨረሻ።

«ኧረ በጭራሽ» አሉ። «ምን ያስቀይመኛል። አንተ ሥራህን ነው የሠራኸው።»

ልቤ ቅልል አለ። ይህንን ለመስማት ነበር የመጣሁት። አመስግኜ፣ ጨብጬ፣ መሄድ እችላለሁ። ሎይስ ወጥ ቤት ውስጥ ዕቃ እያጠቡ ነበር። ቧንቧውን ዘጉት።

ተቀመጥኩ። ስለ ዘንድሮ በረዶ ትንሽ ተጨዋወትን። ከዚያ እንደገና «አርኔ፣ ተቀይመውኛል ወይ?» አልኩ።

«አይ፣ ያለፈ ነገር ነው። እምቢ ያልኩትም እኔ ነኝ። ዓይኔ እየጠፋ መሆኑ እንዲታወቅብኝ አልፈለግሁም።»

ሎይስ ፎጣቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ሦስተኛውን መጠየቅ እንዲህ የሚያስፈራ መሆኑን ዌይን አልነገረኝም ነበር።

«እርግጠኛ ነዎት?» አልኩ።

አርኔ ጆሯቸውን አከክ አከክ አደረጉ።

«ተቀይሜሃለሁ» አሉ። «አዎ። በጣም። ሎይስ ክላክሱን ስታስጮህ እሰማት ነበር፤ ከየት እንደሆነ ግን መለየት አቃተኝ። ሲቆም አንድ ነገር ሆናለች ብዬ አሰብኩ። እግሬ አይደለም የቀዘቀዘው ያን ጊዜ።» ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩና፣ «ያን ቀን ሁለተኛ ብትጠይቀኝ እኮ እነግርህ ነበር። ሦስተኛውም አያስፈልግህም ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር» አሉ።

«አውቃለሁ» ብቻ አልኩ። አለቀስኩ፤ የዚህኛውን ምክንያት ሁላችንም እናውቀዋለን።

«ጥሩምባው አሁን የት ነው ያለው?» አሉ አርኔ።

«ጋራዤ ውስጥ። ብርድ ልብስ አልብሼዋለሁ።»

«ጥሩምባ አይበርደውም» አሉ። «አንሳለት።»

ሎይስ የረጠበ እጃቸውን ጠረጉ። ቀረፋ ያለው ኬክ ቆርሰው በሳህን ይዘው መጡና ከፊቴ ቆሙ። «ኬክ ትበላለህ?» አሉኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ፣ በአገሬም ሆነ እዚህ፣ በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ ብዬ አላውቅም።

«እበላለሁ» አልኩ።